የወላጆቻችን መጸዳጃና የውዱእ ቦታ፦ በአነስተኛ ወጪ ከመውደቅ እንጠብቃቸው



ውድ አንባቢያን! በዛሬው የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን በብዙዎቻችን ቤት ያለ፣ ግን ብዙም የማንነጋገርበትን ጉዳይ እናነሳለን። ጉዳዩ በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንና አባቶቻችን በሽንት ቤትና በመታጠቢያ ቦታ የሚደርስባቸው የመውደቅ አደጋ ነው።

አንድ አረጋዊ ሲወድቁ ብዙ ጊዜ «እንግዲህ እርጅና ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሁሉም ነገር በአላህ ቀደር መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው። እርጥብ ወለል፣ ጨለማ መተላለፊያ፣ መያዣ የሌለው ግድግዳ፣ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ እነዚህ ሁሉ በእጃችን ልናስተካክላቸው የምንችላቸው ሰበቦች ናቸው። ለማስተካከልም አዲስ መታጠቢያ ቤት መገንባት ወይም ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የሚበዛው ሥራ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በሰፈር አናጺና በያጅ የሚያልቅ ነው።

መውደቅ ለአረጋዊ ለምን ይከብዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ሕይወታቸው ያልፋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በመውደቅ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው።

ወጣት ሰው ሲወድቅ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። የአረጋዊ አጥንት ግን የሳሳ ነው። በተለይ እናቶች የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ አጥንታቸው በፍጥነት ይሳሳል። በመሆኑም ከቁመታቸው ብቻ ቢወድቁ የዳሌ አጥንታቸው ሊሰበር ይችላል። የዳሌ ስብራት ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ሕክምናው ከዘገየና አረጋዊው ለሳምንታት አልጋ ላይ ከዋሉ ደግሞ የሳንባ ምች፣ የአልጋ ቁስልና በእግር ውስጥ የደም መርጋት ሊከተሉ ይችላሉ። ሕይወት የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ተከታይ ችግሮች ነው።

ሌላም የማይታይ ጉዳት አለ። አንድ ጊዜ የወደቁ ወይም ለመውደቅ የተቃረቡ አረጋዊ ፍርሃት ይገባቸዋል። ለማንም ሳይናገሩ ሽንት እንዳይመጣባቸው ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ። ውሃ ሲቀንስ ሰውነት ይደርቃል፣ የሆድ ድርቀት ይመጣል፣ ሲነሱ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ስለዚህ ከመውደቅ ለመዳን ያደረጉት ነገር ራሱ ወደ መውደቅ ይገፋቸዋል። መስጂድ መሄድም ይተዋሉ፤ እዚያ ውዱእ ለማድረግ ይፈራሉና። እናትዎ ሻይውንና ውሃውን እየመለሱ ከሆነ፣ አባትዎም ከመግሪብ በኋላ ምንም አልጠጣም ካሉ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ስለሚችል በእርጋታ ይጠይቁ።

አደጋ የሚበዛባቸው ሦስት ጊዜያት

አንደኛው ከአልጋ የሚነሱበት ጊዜ ነው። ተኝቶ የቆየ አረጋዊ በድንገት ሲነሳ የደም ግፊቱ ዝቅ ይልና ዓይኑ ይጨልምበታል። ይህ በተለይ ለሱብሂ ወይም ለሌሊት ሶላት ሲነሱ፣ በጨለማና በእንቅልፍ ልብ ላይ ያጋጥማል። የፕሮስቴት ዕጢያቸው ያደገ አባቶች በሌሊት ደጋግመው ስለሚነሱ አደጋው በዚያው ልክ ይደጋገማል።

ሁለተኛው በጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ ቁጢጥ የሚሉበትና ከዚያ የሚነሱበት ጊዜ ነው። የደከመ ጉልበት ለመውረድም ሆነ ለመነሳት ድጋፍ ይፈልጋል። በኢስቲንጃእ ጊዜ ደግሞ ቀኝ እጅ ውሃ ያፈሳል፣ ግራ እጅ ያጥባል። ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ስለሆኑ ሰውነትን የሚደግፍ ነገር አይኖርም።

ሦስተኛው ውዱእ ሲያደርጉ እግር የሚያነሱበት ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ሶላት ውዱእ የሚያድሱና ቆመው የሚታጠቡ አረጋዊ በቀን 10 ጊዜ በአንድ እግራቸው ይቆማሉ። ያውም ጎንበስ ብለው፣ በረጠበ ወለል ላይ ነው። ጤነኛ ወጣት እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ እግሩ ለመቆም ቢሞክር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያየዋል። ዓይኑ ሞራ የጋረደው ወይም በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ አረጋዊ ሁኔታውም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ለሦስቱም ጊዜያት የሚያስፈልጉት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው፦ መቀመጫ፣ የእጅ መያዣ፣ ደረቅና ሻካራ ወለል እንዲሁም ብርሃን።

መጀመሪያ አብረው ይራመዱ

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀን ወላጅዎን ከአልጋቸው እስከ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት እስከ ውዱእ ቦታ፣ ከዚያም እስከ መስገጃቸው ድረስ አብረዋቸው ይሂዱ። በመንገዱ ላይ እጃቸው የት የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። ግድግዳው ላይ የእጅ ወዝ ያረፈበት ቦታ ካለ መያዣ የሚፈለገው እዚያ ነው። የበሩን እጀታ፣ የቧንቧውን አንገት ወይም የልብስ ማንጠልጠያውን የሚይዙ ከሆነ አደጋ ነው። እነዚህ የሰው ክብደት እንዲሸከሙ አልተሠሩም።

ነገሩን ሲያነሱም ክብራቸውን ይጠብቁ። ብዙ ወላጆች «አልቻልኩም» ማለትን ያፍራሉ፣ ልጆቻቸውን ለወጪ መዳረግም አይፈልጉም። ስለዚህ «እማዬ፣ መቼም ወድቀው ጣጣ ውስጥ እንዳይከቱን» ከማለት ይልቅ «እማዬ፣ ይህ ወለል እኛንም እያዳለጠን ስለሆነ መያዣ ላስገባ ነው፤ የት ቢሆን ይመችዎታል?» ማለቱ ይሻላል። የመያዣውን ቦታ ራሳቸው ቢመርጡት ይጠቀሙበታል። ሳይጠየቁ የተሠራውን ግን ልብስ ያሰጡበታል።

ያለ ምንም ወጪ የሚሠሩ ነገሮች

1. ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ያጽዱ። ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ከሰል ማንደጃ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የተጣጠፈ ምንጣፍ ከመንገድ ይነሱ።

2. ወላጅዎ ከመነሳታቸው በፊት አልጋቸው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ እንዲቀመጡ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው እንዲቆሙ ያለማምዷቸው።

3. ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ለእግር ማበሻ የሚጣለውን ቡትቶ ወይም ማዳበሪያ ያንሱ። ሲረጥብ ይንሸራተታል፣ ሲደርቅ ጠርዙ ይጠላልፋል።

4. የቀሚስ፣ የጀለቢያና የሽርጥ ጫፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንዲሆን ያሳጥሩ። በተለይ እናቶች በሌሊት የሚለብሱት ረጅም ቀሚስ ሲነሱ ይረገጣል።

5. ሶሉ ያለቀ ነጠላ ጫማ ይጣል። ከኋላ ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉ ሸካራ የሆነ ጫማ ይሻላል። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ እንኳ ካለቀ ነጠላ ጫማ በብዙ ይበልጣል።

6. በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ ከውጭ መከፈት የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሰው ቢወድቅበት አይከፈትም። ስለዚህ ማጠፊያው ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደርጎ ቢገለበጥ መልካም ነው። ካልሆነም ቁልፉን ትተው «ሰው አለ» የሚል ምልክት የሚሆን ጨርቅ በሩ ላይ ያንጠልጥሉ።

7. የሚታጠቡበት ክፍል እንዲሞቅ ተብሎ የተቀጣጠለ ከሰል ወደ ተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አይግባ። ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ራስን ያስታል፣ ይገድላልም።

ስለ መቀመጫ

ለአረጋዊ የሚመች መቀመጫ ከፍታው ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ነው። ለራሳቸው ልክ ለማወቅ ጫማ አድርገው ሲቆሙ ከጉልበታቸው ከኋላ በኩል እስከ ወለሉ ይለኩ። ከዚህ ልክ ጥቂት ከፍ ያለ መቀመጫ ለመነሳት ይቀላል። አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ መነሳት ግን ከቁጢጥ መነሳት ብዙም አይሻልም።

ለጉድጓድ ሽንት ቤት፦ አናጺ መሃሉ ክፍት የሆነ፣ በሁለቱም ጎን የክንድ ማሳረፊያ ያለው የእንጨት ወንበር ሊሠራ ይችላል። ወንበሩ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎች የቤተሰቡ አባላት ሲጠቀሙ ይነሳል። እግሮቹ ወደ ውጭ ትንሽ ዘርዘር ቢሉ አይገለበጥም። ከእግሮቹ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይመታበት። የእንጨቱ ፊት በደንብ ተልጎ ቀለም ቢቀባ ለማጠብ ይቀላል። ከተቻለም የተቀማጩ ፊት ወይም ጀርባ ወደ ቂብላ እንዳይሆን አቅጣጫውን ቀድመው ያስተካክሉ።

የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን ቀዶ መጠቀም የተለመደ ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መቀመጫው ሲቀደድ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ እግሮቹም በእርጥብ ሊሾ ላይ ይንሸራተታሉ። በዚህ የሚጠቀሙ ከሆነ ጀርባው ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፣ እግሮቹ ላስቲክ ይደረግላቸው፣ በየሳምንቱም ስንጥቅ እንዳለው ይታይ።

ከሁሉም በፊት የጉድጓዱን ወለል ይመርምሩ። በእንጨት ርብራብ ላይ አፈር ተደልድሎ የተሠራ ወለል እንጨቱ ከሥር በስብሶ ሊሆን ይችላል። ሲረግጡት የሚለሰልስ ወይም የሚነቃነቅ ከሆነ ወላጅዎ ቀርቶ ማንም ሊገባበት አይገባም። ቅድሚያ የሚሰጠው ወጪ ይህ ነው።

የውሃ ማፍሰሻው ኩስኩስት ወይም ጆግ ወለል ላይ አይቀመጥ። ከቀኝ በኩል በመቀመጫው ከፍታ ባለ መደብ ወይም ብሎኬት ላይ ቢሆን ሳያጎነብሱ ያገኙታል። ሙሉ ባልዲ ከሚያነሱም ግማሹ ብቻ ይሞላላቸው።

ለውዱእ፦ ሁለት መቀመጫ ማሰብ ይጠቅማል። አንዱ ራሳቸው የሚቀመጡበት ሲሆን ሌላው እግራቸውን የሚያሳርፉበት አጭር በርጩማ ነው። ከበርጩማው ሥር ሳፋ ቢደረግ ውሃው ወለሉን አያረጥብም። ወላጅዎ ክፍላቸው ውስጥ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው በሳፋ ውዱእ ቢያደርጉ ደግሞ ወደ ውጭ መውጣቱ ራሱ ይቀራል።

ስለ እጅ መያዣ

መያዣው ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ የብረት ቧንቧ ወይም የተላገ እንጨት ቢሆን ለእጅ ይመቻል። ከግድግዳው በ4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከዚያ ቢሰፋ ክንድ ሊሾልክና ሊሰበር ይችላል፤ ከዚያ ቢጠብ ጣት አያስገባም። ጎን ለጎን የሚገጠመው መያዣ ከወለሉ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ወላጅዎ አጭር ከሆኑ ትንሽ ዝቅ ይበል።

በመግቢያው ላይ ደግሞ ከወገብ እስከ ትከሻ የሚደርስ ቀጥ ብሎ የቆመ መያዣ ያስፈልጋል። ወደ መጸዳጃ ስንገባ ግራ እግራችንን እናስቀድማለን። በዚያች ቅጽበት የሰውነት ክብደት ሁሉ በቀኝ እግር ላይ ያርፋል። ደፍ ወይም ደረጃ ካለ የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ስለሆነ እጃቸው የሚይዘው ነገር ያግኝ።

አገጣጠሙ እንደ ግድግዳው ይለያያል፦

• በጭቃ ቤት፦ ሚስማር ጭቃ ውስጥ አይይዝም። መያዣው ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር በብሎን ይታሰር። ቋሚው ከበሰበሰ ወለሉን ቆፍሮ አጣና ወይም ቧንቧ መትከል ይሻላል። ጉድጓዱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ኖሮት በኮንክሪት ይሞላ።

• በብሎኬት ቤት፦ የብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር ብቻውን ክብደት ሲያርፍበት ተነቅሎ ይወጣል። ብሎኑ ግድግዳውን በስቶ ከኋላ በኩል በብረት ሳህን ይያዝ፤ ወይም ቀዳዳው በኮንክሪት ተሞልቶ ይገጠም።

• በኪራይ ወይም ግድግዳ መብሳት በማይፈቀድበት ቤት፦ በያጅ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ በመቀመጫው ሁለት ጎን የሚያርፍ የብረት ክፈፍ ሊሠራ ይችላል። ከቤቱ ሲለቁም ይዘውት ይሄዳሉ።

ኮንክሪት ከተሞላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ እየጠጣ ሳይነካ ይቆይ። ከዚያም ወላጅዎ ከመያዛቸው በፊት እርስዎ ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ይሞክሩት። ከተነቃነቀ ሥራው አላለቀም።

ስለ ወለልና ብርሃን

ሊሾ የተደረገ ለስላሳ ሲሚንቶ ለዓይን ያምራል፣ ሲረጥብ ግን እንደ ሳሙና ነው። በላዩ ላይ ስስ ሲሚንቶ ለስኖ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ቢጫር ሻካራ ይሆናል። ነባሩ ወለል በመሮ ካልተቦጫጨረ ግን አዲሱ አይይዝም። ወለሉ ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ ትንሽ ያዘንብል። የሳሙና አረፋና አረንጓዴ ሽበት በሳምንት አንድ ጊዜ በብሩሽ ይታጠብ።

ለብርሃን ከወላጅዎ ትራስ አጠገብ ባትሪ ወይም በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ መብራት ትቀመጥ። መብራት ሲጠፋም እዚያው ትኖራለች። ኩራዝና ሻማ ለሌሊት አይሆኑም፤ አንድ እጅ ይይዛሉ፣ ሰው ከወደቀ ደግሞ እሳት ያስነሳሉ። የደፉና የደረጃው ጠርዝ በነጭ ቀለም ወይም በኖራ ቢቀባ ዓይናቸው የደከመ ወላጆች በቀላሉ ይለዩታል።

ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ከሆነ ወይም ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ በሌሊት ባይወጡ ይመረጣል። ክዳን ያለው ፖፖ ወይም መሃሉ ክፍት በሆነው ወንበር ሥር የተቀመጠ ባልዲ ከመጋረጃ ጀርባ ይዘጋጅላቸው። ጠዋት ወዲያው ተደፍቶ ይታጠብ። ይህ የልጆች ሥራ ነው፤ ወላጅም ይሉኝታ እንዳይሰማቸው ሳይነገር ቢሠራ ያማረ ነው። የጋራውን ሽንት ቤት በተመለከተም ከጎረቤቶች ጋር ይነጋገሩ። የሚገጠመው መያዣ ለእነርሱም አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ስለሚጠቅም ወጪውን መጋራት አይከብዳቸውም።

ሸሪዓው ያገራው

አንዳንድ ወላጆች ቆሞ መታጠብን ወይም ያለ ማንም እርዳታ ውዱእ ማድረግን እንደ ግዴታ ያዩታል። ተቀምጦ ውዱእ ማድረግ ችግር የለውም። ሌላ ሰው ውሃ ቢያፈስላቸውም ይፈቀዳል። ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የውዱእ ውሃ ማፍሰሳቸው በሐዲስ ተዘግቧል። በዚያው ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጦሃራ ላይ ሆነው የለበሱትን ኹፍ ሳያወልቁ በላዩ ላይ ማበሳቸው ይገኛል።

ይህ ለእግር ማንሳት ችግር ትልቅ መፍትሔ ነው። ወላጅዎ ጠዋት ተቀምጠው ሙሉ ውዱእ ካደረጉ በኋላ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን የቆዳ ኹፍ ቢለብሱ፣ በአገሩ ያለ ሰው ለአንድ ቀንና ሌሊት በላዩ ላይ ማበስ ይችላል። ስለዚህ ያ በቀን 10 ጊዜ በአንድ እግር መቆም ይቀርላቸዋል። የጊዜው አቆጣጠር፣ ኹፉ የሚያሟላቸው መስፈርቶች፣ የጨርቅ ካልሲ ጉዳይና ውሃ የሚጎዳው ሕመምተኛ ተየሙም የሚያደርግበት ሁኔታ ዝርዝር ስላለው የአካባቢዎን ዓሊም ይጠይቁ። ከጤና በኩል ሁለት ነገር ልብ ይበሉ፦ ኹፍ ብቻውን በእርጥብ ወለል ያንሸራትታልና ጫማ ይደረብበት፤ የስኳር ሕመም ያለባቸው ደግሞ በየቀኑ ሲያወልቁት እግራቸው ቁስል እንደሌለው ይታይላቸው። ለእነርሱ የሚቀርበውም የሞቀ ውሃ በሌላ ሰው ክርን ይለካ፤ የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አያውቅም።

ገላ ሲታጠቡ የሚረዳ ሰው ካስፈለገ በተቻለ መጠን ተመሳሳይ ፆታ ያለው ይሁን፤ ዐውራቸውም በሽርጥ ተሸፍኖ ይታጠቡ። ይህ ለሐያእም፣ ብርድ እንዳይመታቸውም ይጠቅማል።

ምግብ፣ ውሃና መድኃኒት

ውሃ እንዲቀንሱ አይፍቀዱ፤ ሰዓቱን ያስተካክሉ እንጂ። የሚበዛው ውሃ ከጠዋት እስከ ዐስር ባለው ጊዜ ቢጠጣ፣ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ጥቂት ጥቂት ቢሆን የሌሊት መነሳት ይቀንሳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን የውሃውን መጠን ሐኪም ይወስንላቸው። ማታ ቡናና ሻይ ሽንት ስለሚያመላልሱ ቀን ይጠጡ።

የሆድ ድርቀት በሽንት ቤት ረጅም ጊዜ ማማጥን ያመጣል፤ ማማጥም ራስን ያዞራል። ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የገብስ ቅንጬና ፓፓያ ይረዳሉ። ጫት ድርቀትን ያባብሳል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ለአጥንትና ለጡንቻ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላልና ጥራጥሬ ከአቅም ጋር ይቅረቡ። ከስንዴ የበለጠ ካልሲየም ያለው የጤፍ እንጀራም ከእነዚሁ ይቆጠራል። ጠዋት ፊታቸውና ክንዳቸው የፀሐይ ብርሃን ቢያገኝ ሰውነታቸው ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ጉልበታቸው እንዲጠነክር ከጠንካራ ወንበር ላይ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ እየተነሱ መቀመጥን ይለማመዱ፤ ሰው አጠገባቸው ይሁን።

የደም ግፊት፣ የእንቅልፍና ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች (ለምሳሌ ላሲክስ) መነሳት ሲያበዙ ወይም ሲያዞሩ ይታያል። በራስዎ አያቋርጡ። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱና «በስንት ሰዓት ቢወሰድ ይሻላል?» ብለው ይጠይቁ። ዓይናቸውንም ያስመርምሩ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ካርዱ መታደሱን ያረጋግጡ።

ቢወድቁስ?

ተጣድፈው ጎትተው አያንሷቸው። መጀመሪያ ያናግሯቸው፣ የት እንደሚያማቸው ይጠይቁ። አንደኛው እግር ካጠረና ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወይም እግራቸውን ማንሳት ካልቻሉ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። ወደ ወጌሻ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰዱ፤ እስኪወሰዱም አይንቀሳቀሱ፣ ብርድ ልብስ ይደረብላቸው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ራሳቸውን ከመቱና ካስመለሳቸው፣ ግራ ከተጋቡ ወይም እንቅልፍ ካበዙ፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቁስል ባይኖርም ያው ወዲያው ይታዩ።

ምንም ካልተጎዱ በጎናቸው ተንከባለው፣ በእጅና በጉልበታቸው ተደግፈው ወደ ጠንካራ ወንበር ይቅረቡ፤ ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ይነሱ። ለብቻቸው ሲገቡም ፊሽካ በአንገታቸው ቢያንጠለጥሉ ወድቀው ብዙ ሰዓት ሳይሰማቸው የሚቀር ሰው አይኖርም።

መስጂዳችንስ?

በየመስጂዱ የውዱእ ቦታ ብዙ ሰው ስለሚጠቀም ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ከቧንቧዎቹ መካከል በዳር ያሉት ሁለቱ ለአረጋውያን ተለይተው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫ፣ አንድ መያዣ ብረትና የእግር ማሳረፊያ ቢሠራላቸው ብዙ አባቶችና እናቶች ወደ ጀማዓ ይመለሳሉ። በሴቶች በኩልም እንዲሁ ይሁን። ሥራው ጥቂት ሲሚንቶ፣ ብሎኬትና ቧንቧ ብቻ ስለሚጠይቅ ለመስጂዱ ኮሚቴ ማቅረብና ለሰደቀቱል ጃሪያ ማሰባሰብ ይቻላል። የጀማዓችን አናጺዎችና በያጆችም ጉልበታቸውን ቢለግሱ ልጅ ለሌላቸው አረጋውያን ቤት ይተርፋል።

ለቤተሰብ ውይይት

1. ወላጃችን በሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? መንገዳቸው ላይ ምን ምን አለ?
2. ውዱእ ሲያደርጉ እግራቸውን የሚያነሱት ምን ይዘው ነው?
3. በዚህ ሳምንት ያለ ወጪ የምናስተካክላቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው? ማን ምን ይሠራል?
4. በዚህ ወር ከምናወጣው ወጪ ለአንድ መያዣ ወይም ለአንድ መቀመጫ የሚሆን ከየት እንቀንሳለን?

ውድ አንባቢያን! እኛ ሕፃን ሳለን ያጠቡን፣ ያጸዱን፣ እንዳንወድቅ እጃችንን የያዙን ወላጆቻችን ናቸው። ዛሬ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ማዘጋጀት የእኛ ተራ ነው። አላህ ያሉትን ወላጆቻችንን በዓፊያ ያቆይልን፣ የሞቱትንም ይማርልን። አሚን።